ዕጣን፣ ጠጅ ሳርና ትኋን

ከጓሮ አንድ ቅጠል ጠጅ ሳር ቀጥፎ በጣቶቹ መሐል ያሸ ሰው ወዲያው ሎሚ ሎሚ ይሸተዋል። ሣሩ ግን ከሎሚ ጋር ዝምድና የለውም፤ ዘመዶቹ ስንዴና ጤፍ ናቸው። ይበልጥ የሚገርመው ቁጥሩ ነው። ለሎሚ ያንን ጠረን የሚሰጠው ዋና ነገር ሲትራል ይባላል። በሎሚ ልጣጭ ዘይት ውስጥ የሚገኘው ሲትራል ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ሲሆን፣ ከጠጅ ሳር በሚወጣው ዘይት ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ከ65 እስከ 85 በመቶ ይደርሳል። ሎሚ የመሽተቱ ውድድር ቢደረግ ሎሚው ይሸነፋል ማለት ነው።

ሲትራል አልዲሃይድ ከሚባሉት ወገን ነው። ቤት ውስጥ ስሙ ሳይታወቅ ጠረኑ ብቻ የሚታወቅ ሌላ ወገንም አለ፤ ኤስተር ይባላል። ሙዝ፣ ላቬንደር፣ የመተማ ዕጣን የዚህ ወገን ናቸው። የመዓዛ ዘይት የሚባለው ነገር ከሁለቱ ብቻ የተሠራ አይደለም። የኮረሪማ ጠረን፣ ለምሳሌ፣ በአብዛኛው ከሌላ ቤተሰብ የመጣ ነው። ቢሆንም አንድ ዘይት ለምን እንደሚጣፍጥ፣ ለምን እንደሚያቃጥል፣ ለምን ጠርሙስ ውስጥ እንደሚበላሽ ለማወቅ ከእነዚህ ሁለቱ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

መጀመሪያ ግን ስለ ስሙ። በአንዳንድ ጠርሙሶች ላይና በማኅበራዊ ሚዲያ «አስፈላጊ ዘይት» የሚል ትርጉም ይታያል። የትርጉም ስሕተት ነው። የፈረንጁ ቃል የተነሣው ከተክሉ «ጭማቂ ምንነት»፣ ማለትም ከጠረኑ ነው እንጂ ለሰውነት ያስፈልጋል ለማለት አይደለም። ማንም ሰው ያለ ላቬንደር ዘይት መቶ ዓመት ሊኖር ይችላል። እንደ ኑግ ወይም ሰሊጥ ዘይትም አይደለም፤ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ቢያርፍ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተንኖ ይጠፋል፣ እንደ ቅባት ቦግ ያለ ምልክት አይተውም።

አወጣጡን ለመረዳት አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ድፍድፉ ተጥዶ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በመቃው ያልፋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ደርሶ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። የመዓዛ ዘይትም እንዲሁ ነው፤ በድፍድፉ ፋንታ ቅጠል፣ አበባ ወይም ሙጫ ይገባል፣ በእሱ ላይ የውሃ እንፋሎት ይለቀቃል። ሲትራል ብቻውን ቢጣድ ለመፍላት 229 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈልጋል። ከውሃ ጋር ስለማይዋሐድ ግን ሁለቱ በየፊናቸው እየተነኑ፣ ድብልቁ ከውሃ መፍያ ዝቅ ባለ ሙቀት አብሮ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ውሃው ከታች፣ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ከ100 ኪሎ እርጥብ የጠጅ ሳር ቅጠል የሚገኘው ዘይት ብዙውን ጊዜ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። በአገራችን ይህን ሥራ ለረጅም ጊዜ ሲያጠና የቆየው፣ በመዓዛማና በመድኃኒት ተክሎች ላይ የሚያተኩረው የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል ነው።

አሁን ወደ ሞለኪውሎቹ። የካርቦን አቶም አራት እጅ አለው እንበል። በአልዲሃይድ ውስጥ በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ያለው ካርቦን በሁለት እጁ ኦክስጅን፣ በአንድ እጁ ሃይድሮጅን፣ በቀሪው የተቀረውን ሰንሰለት ይይዛል። ይህ ጫፍ እረፍት የለውም። ስሙን በ1835 ያወጣው ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ ነው፤ «ሃይድሮጅን የተወሰደበት አልኮል» ከሚለው የላቲን ሐረግ አሳጥሮ። ትርጉሙ ትክክል ነው። ጠላ ሲከርም ሆምጣጤ ይሆናል፤ ከአልኮሉ እስከ ሆምጣጤው ባለው መንገድ መሐል ላይ የሚገኘው ጣቢያ አልዲሃይድ ነው። አረቄ የጠጣ ሰው ጉበትም በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ በማግስቱ ለሚያንገላታው የስካር ሕመም ከሚጠረጠሩት አንዱ ይኸው መሐል ላይ የሚፈጠረው አሴታልዲሃይድ ነው። አልዲሃይድ እንግዲህ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ነገር ነው። አየር ካገኘ ጉዞውን ቀጥሎ አሲድ ይሆናል።

ኤስተር ጉዞውን የጨረሰ ነው። አሲድና አልኮል አንድ ሞለኪውል ውሃ ጥለው ይጋባሉ፤ ከጋብቻው የሚወጣው ኤስተር ነው። ቃሉን በ1848 ያስገባው ሌላው ጀርመናዊ፣ ሌዮፖልድ ግሜሊን ነበር። አሲዱ ብቻውን ሊከረፋ ይችላል፣ አልኮሉም ብቻውን ያን ያህል ላይማርክ ይችላል፤ ሲጋቡ ግን ፍራፍሬ ይሸታሉ። ውሃና ሙቀት ሲበዛባቸው ደግሞ ይፋታሉ። የላቬንደር ዘይት አውጪዎች ይህን በደንብ ያውቃሉ። ለስላሳውን የላቬንደር ጠረን የሚሰጠው ሊናሊል አሴቴት የተባለው ኤስተር በጥሩ የፈረንሳይ ዘይት ውስጥ ከ25 እስከ 45 በመቶ ይሆናል፤ እሳቱ ላይ ብዙ ከቆየ ግን ወደ ሊናሎልና ወደ ሆምጣጤ አሲድ ይመለሳል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሹሮ ለሚያበስል ሰው ብስጭት የሆነው ከፍታ፣ ኤስተር ለሚያወጣ ሰው ጥሩ ነገር ነው።

ኤስተር ከተክል ወጥቶ ወደ ፋብሪካ የገባው በሚያስቅ መንገድ ነው። በ1851 በለንደን በተካሄደው ታላቁ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ በሰው እጅ የተሠሩ የፍራፍሬ ጠረኖች ቀርበው ነበር፤ የዳኞቹ ቡድን አባል የነበረው ኬሚስቱ አውጉስት ቪልሄልም ሆፍማን ስለ እነሱ ጽፏል። የፒር ፍሬ የሚሸተው ፈሳሽ የተሠራው ከአልኮል ማውጫ ከሚተርፈውና አፍንጫ ከሚያስይዘው ቅሬታ ዘይት ነበር። ያ ቅሬታ ከሆምጣጤ አሲድ ጋር ሲጋባ ከረሜላ ውስጥ የሚገባ ጣዕም ሆነ። ዛሬም ሱቅ የሚሸጠው የሙዝ ከረሜላ ሙዝ ባይነካውም ሙዝ የሚሸተው በዚሁ ቤተሰብ፣ በአይሶአሚል አሴቴት ነው።

ይህንኑ ሞለኪውል ከሰው ይልቅ የምታውቀው ንብ ናት። ንብ ስትነድፍ መንደፊያዋ ቆዳ ላይ ይቀራል፣ ከዚያው ላይ አይሶአሚል አሴቴት ይተናል። በ1962 ተመራማሪዎች በማር ንብ መንደፊያ ውስጥ የሚገኘው ይህ ኤስተር የማስጠንቀቂያ ምልክት መሆኑን አሳወቁ። ለሰው አፍንጫ ሙዝ ነው፤ ለቀፎዋ ግን «ጠላት እዚህ አለ» የሚል ጥሪ ነው፤ የመጀመሪያዋ በነደፈችበት ቦታ ሌሎቹ የሚረባረቡት ለዚህ ነው። ልምድ ያላቸው ንብ አናቢዎች ቀፎ ሊከፍቱ ሲሉ ሙዝ አትብሉ የሚሉት ቀልድ አይደለም። የተነደፈውን ቦታ ጢስ የሚያጨሱበትም ምክንያት አለው፤ ጢሱ የንቦቹ አንቴና ለዚያ ጠረን ያለውን ንቃት ያደበዝዘዋል።

የአልዲሃይዶቹ ቤት ከዚህ የጦፈ ነው። ሻይ ውስጥ የሚገባው ቀረፋ ጠረኑና ምላስ ላይ የሚያቃጥለው ነገር አንድ ነው፦ ሲናማልዲሃይድ። ከቅርፊቱ በሚወጣው ዘይት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ይይዛል፤ በ1834 ለይተው ያወጡት ፈረንሳዮቹ ዱማና ፔሊጎ ናቸው። የከሙን ጠረንም በስሙ የተጠራ አልዲሃይድ አለው፤ ኩሚናልዲሃይድ።

ድንብላል ግን ከሁሉም የተለየ ታሪክ አለው። እርጥቡ ቅጠልና ያልበሰለው ፍሬ በረጅም ሰንሰለት አልዲሃይዶች የተሞላ ነው። ፍሬው ሲበስልና ሲደርቅ እነዚያ አልዲሃይዶች ይቀንሳሉ፣ በቦታቸው ሊናሎል ይነግሣል፤ በርበሬ ሲደለዝ የሚገባው ደስ የሚለው ድንብላል የተወለደው ከዚያ ለውጥ ነው። ቅጠሉን ለሚጠሉ ሰዎች ደግሞ ምክንያታቸው ምናባዊ አይደለም። አልጋ ውስጥ ያለ ትኋን ሲደናገጥ የሚለቀው ጠረን በሄክሰናልና በኦክተናል የተሠራ ነው፤ በቅጠሉ ውስጥ ያሉት የነዚሁ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ትኋን ጨፍልቆ የሚያውቅ ሰው ከእርጥብ ድንብላል ቅጠል ፊት ሲቀርብ ፊቱን ቢያጨማድድ አፍንጫው አልዋሸውም። በ2012 የወጣ ጥናት ደግሞ ቅጠሉ ሳሙና ሳሙና የሚላቸው ሰዎች ጉዳይ አልዲሃይዶችን ከሚያሸት አንድ የአፍንጫ ተቀባይ ዘረ መል ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። የዚያኑ ቅጠል ጠረን አንዱ ወጥ ላይ እየነሰነሰ ሲበላው ሌላው ትኋን ያስታውሰዋል። ሁለቱም የሚያሸቱት ያንኑ ሞለኪውል ነው።

መጠኑ ደግሞ ትልቅ ጉዳይ ነው። በብዛት ሲሆኑ ሰም፣ ጮማና እፍ ተብሎ የጠፋ ሻማ የሚሸቱት እነዚህ አልዲሃይዶች፣ በጣም ጥቂት ሲሆኑ አበባውን ንጹሕና ብሩህ ያደርጉታል። በሞስኮ የተወለደው ሽቶ ቀማሚ ኤርነስት ቦ በ1921 ለኮኮ ቻነል ያዘጋጀው «ቻነል ቁጥር 5» የታወቀው ከዚያ በፊት ባልተለመደ መጠን አልዲሃይድ በመጠቀሙ ነው። ሽቶው አንድ አበባ እንዲሸት አልተፈለገም ነበር፤ ጽጌረዳና ጃስሚን በውስጡ ቢኖሩም፣ ከላይ የሚያብረቀርቅ ነገር አለ። ያ የሚያብረቀርቀው በብርቱካን ልጣጭም ውስጥ በጥቂቱ የሚገኝ ዓይነት አልዲሃይድ ነው።

የአልዲሃይድ እረፍት ማጣት ግን በጣም ጠቃሚ ሆኖ የተገኘው በሌላ ቦታ ነው፤ ሽቶ ባሕር ዛፍ ላይ። ይህ ዛፍ ከተለመደው ነጭ ባሕር ዛፍ የሚለየው ቅጠሉ ሲታሽ ሎሚ ሎሚ ስለሚል ነው፤ ዘይቱ በአብዛኛው ሲትሮኔላል የተባለ አልዲሃይድ ነው። ሲትሮኔላል ትንኝን ያርቃል፤ ሆኖም ቶሎ ይተናልና ጥበቃው አይዘልቅም። ቻይናውያን «ቹወንሊንግ» የሚሉትን የትንኝ መከላከያ ያወጡት ከዘይቱ ተለይቶ ከሚቀረው ዝቃጭ ነበር። ውስጡ ሲመረመር ዋናው ሠራተኛ ሌላ ሆኖ ተገኘ። የሲትሮኔላል ሰንሰለት አሲድ ባለበት ተጠምዝዞ ራሱን ይይዝና ክብ ይሆናል፤ ውሃም ይጨምራል፤ የሚወጣው ፒ.ኤም.ዲ. በሚል ምሕጻር የሚታወቅ ከባድ ሞለኪውል ነው። ከባድ ስለሆነ ቶሎ አይተንም፣ ቆዳ ላይ ለሰዓታት ይቆያል። በቅጠሉ ላይም ቅጠሉ ሲያረጅ ይህ ለውጥ በተፈጥሮ በጥቂቱ ይከናወናል።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል ከሚያምናቸው የትንኝ መከላከያዎች አንዱ ይህ የተለወጠው ዘይት ነው። ለይቶ ማየት የሚያስፈልገው ግን ይህን ነው፦ በሱቅ «የሎሚ ባሕር ዛፍ ዘይት» ተብሎ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠው ተራ ዘይት አልተለወጠም፤ በእሱ ተማምኖ ወባ ወዳለበት ቆላ መውረድ አያዋጣም። የተለወጠውም ቢሆን ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት አይመከርም።

ሲትራል ደግሞ ከጓሮው ወጥቶ ፋብሪካ ሲገባ የሚሠራውን ሥራ ብዙ ሰው አይገምትም። በ1893 ፈርዲናንድ ቲማንና ፓውል ክሩገር ሲትራልን መነሻ አድርገው የቫዮሌት አበባ የሚሸት አዮኖን የተባለ ነገር ሠሩ። ከአዮኖን ደግሞ የቫይታሚን ኤ መንገድ ይቀጥላል። ዛሬ ዓለም ለዚህ የሚፈልገው ሲትራል በአብዛኛው ከሣር አይገኝም፤ በፋብሪካ ይሠራል። በጥቅምት 2017 መጨረሻ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ጀርመን ሉድቪግስሃፈን ውስጥ በሚገኘው የቢ.ኤ.ኤስ.ኤፍ. የሲትራል ማምረቻ እሳት ተነሣ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሽቶ ቀማሚዎች ብቻ ሳይሆኑ የዶሮና የከብት መኖ የሚያዘጋጁ ድርጅቶችም ተጨነቁ፤ መኖው ውስጥ የሚገባው የቫይታሚን ኤ ዋጋ ተሰቅሎ ነበርና። አንድ አልዲሃይድ ጠፍቶ የዶሮ መኖ መወደዱ ለብዙዎች አስተማሪ ሆነ፤ መኖ አቀናባሪዎቹ ግን በዚያ ወቅት መማር ሳይሆን ቫይታሚን ነበር የሚፈልጉት።

የቤት ውስጥ ጥንቃቄም ከዚሁ ይመነጫል። አልዲሃይድ ከፕሮቲን ጋር ለመያያዝ ይቸኩላል፤ የሰው ቆዳ ደግሞ ፕሮቲን ነው። የቀረፋ ቅርፊት ዘይትን ሳይቀጥኑ ፊት ላይ መቀባት ቆዳን የሚያቃጥለውና አንዳንዱን ሰው ለዕድሜ ልክ አለርጂ የሚዳርገው ስለዚህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሲትራልና ሲናማልዲሃይድን ጨምሮ 26 ጠረን ሰጪዎች ቆዳ ላይ በሚቀር ቅባት ውስጥ ከ0.001 በመቶ ሲበልጡ በስማቸው መለያው ላይ እንዲጻፉ ሲያዝ ቆይቷል፤ በ2023 ደግሞ ዝርዝሩን በጣም አስፍቶታል።

ኤስተሮች በጥቅሉ ለቆዳ ይለዝባሉ። ጥቅሉ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። የጡንቻ ሕመም ቅባት ሲከፈት አፍንጫ የሚወጋው ጠረን ሜቲል ሳሊሲሌት ነው፤ ኤስተር ነው፣ የአስፕሪንም የሥጋ ዘመድ ነው። ከንጹሑ ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ ወደ 7 ግራም አስፕሪን የሚያህል ሳሊሲሌት ይይዛል። ይህን መጠጣት ከ20 በላይ የአዋቂ አስፕሪን ፍሬ በአንድ ጊዜ እንደመዋጥ ነው፤ ሕፃን ልጅ ሊገድል ይችላል። «ከተፈጥሮ የተገኘ» የሚለው ጽሑፍ ጠርሙሱ ላይ ቢኖርም ባይኖርም ቁጥሩ አይለወጥም። ብልቃጡ ልጅ በማይደርስበት መደርደሪያ መቀመጥ አለበት፤ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ፣ ክዳኑም ጥብቅ ቢሆን ይመረጣል፤ አየርና ብርሃን አልዲሃይዱን ወደ አሲድ፣ እርጥበት ደግሞ ኤስተሩን ወደ ፍቺ ይገፋሉና። ያረጀ የላቬንደር ብልቃጥ ሲከፈት ትንሽ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ካለ ምን እንደተፈጠረ መገመት አያቅትም።

መጨረሻ ላይ የቀረው ዕጣን ነው። በመተማ፣ በቋራና በትግራይ ቆላማ አካባቢዎች የሚበቅለው ዋልያ መቀር የሚባለው ዛፍ በበጋው ወራት ቅርፊቱ በስለት ይላጥና ሙጫው ያነባል። ከዚህ ሙጫ የሚወጣው ዘይት ከሶማሌና ከኦማን ዕጣን ይለያል። የእነዚያ ዘይት ብዙውን ጊዜ ጥድ በሚሸቱ ነገሮች የተሞላ ሲሆን፣ በእኛው ዘይት ውስጥ ግን በብዙ ትንተናዎች ላይ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኦክቲል አሴቴት የተባለ ኤስተር ነው፤ ብርቱካን ብርቱካን የሚል፣ ለስላሳ። ከጎኑ ሁልጊዜ ኦክታኖል ይገኛል፤ ኤስተሩ የተሠራበት አልኮል ነው። ከሙጫው ውስጥ ኢንሴንሶል አሴቴት የሚባል ሌላ ከባድ ኤስተርም አለ። የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያሉበት የምርምር ቡድን በ2008 ይህን ኤስተር በአይጦች ላይ ሞክሮ የጭንቀት ምልክታቸው ሲቀንስ አይቷል። አይጥ ሰው አይደለም፤ ቢሆንም ጥናቱ የተነሣበት ጥያቄ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ የሚያስቀድስ ሁሉ የሚጠይቀው ነው።

ዛፉ ራሱ ግን ደህና አይደለም። በ2019 በታተመ ጥናት ላይ ሳይንቲስቶች አዳዲስ ችግኞች ለአሥርተ ዓመታት ያላደጉባቸው ጫካዎች መኖራቸውን አሳይተው፣ ሁኔታው ካልተለወጠ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብየዋል።

ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ የዕጣኑ ፍሬ ፍሙ ላይ ያርፋል። መጀመሪያ ጭሱ ሳይወፍር፣ ሙጫው ገና ላብ ላብ ሲል፣ ለጥቂት ቅጽበት ፍራፍሬ የመሰለ ቀላል ጠረን ይወጣል፤ ያ ኦክቲል አሴቴት ነው፣ ቀድመው ከሚተኑት አንዱ። ከዚያ ሙጫው መቃጠል ይጀምራል፣ ጭሱ ነጭ ሆኖ ይወፍራል፣ ጎረቤት «ዕጣን ሸተተኝ» ብላ የምትመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ኤስተሩ ግን ያን ጊዜ በመስኮት ወጥቷል፤ እሱን ያገኘችው ማጨሻው ላይ ጎንበስ ብላ ፍሙን የምታራግበው ልጅ ብቻ ናት።